ሞጆ የሚያደርስ ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የልጅ ልጄ የሊዲያ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ሱቅ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አዳማ ፖስታ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ጁስ ቤት መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ሊዲያ እዚያ ስልክ ትጠግናለች፣ ኮምፒውተር ትፈታለች። እኔም እቤት ብቻዬን ከምውል እያልኩ እሄድና ጥግ ይዤ የሚገባ የሚወጣውን አያለሁ።

አንዲት ሴትዮ ፊቷ ተለዋውጦ ገባች። የእህቷን የሰርግ ፎቶ በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ነበር፤ አሁን ግማሹ አልከፈት ብሏታል። ፍላሿን ከቦርሳዋ አወጣችው። የምታብረቀርቅ ቆንጆ ነገር፤ ላይዋ ላይ በወርቅማ ቀለም መቶ ሃያ ስምንት ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎባታል። ሊዲያ ሰካቻትና መጀመሪያ የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሯ አወጣች። ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ አለች፤ መናፈሻው ውስጥ አለች፤ ኬኩ ላይ ስትደርስ ግን ድርግም። ከኬኩ ወዲያ ሰርጉ የለም።

«ፎቶ አንሺው ዘንድ ዋናው ካለ ችግር የለውም» አለቻት ሊዲያ። ዋናው እዚያ አለ፤ ሴትዮዋ እፎይ ብላ ተነፈሰች። ከዚያ ሊዲያ አንድ ፕሮግራም ከፈተችና ፍላሿን መመርመር ጀመረች። ትንሽ ቆይታ እየሳቀች ጠራችኝ።

«እማማ፣ ነይ እይ። ይቺ ፍላሽ ውሸታም ናት።»

«ምን ብላ ዋሸች?»

«ፕሮግራሙ እስከ አፍጢሟ ይሞላትና መልሶ ያነባታል። እስከ ስምንት ድረስ የሰጠናትን ትመልሳለች። ከዚያ ወዲያ ‹ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ› ትላለች እንጂ ምንም አልያዘችም።»

«ምን አግብቷት ትዋሻለች?»

«እሷ ምን ታድርግ! ውስጧ ኮንትሮለር የሚሏት አንዲት አዛዥ አለች። ሲሠሯት ‹መቶ ሃያ ስምንት ነኝ በዪ› ብለው አስተምረዋታል። አሁን እኔ በሌላ ሶፍትዌር አዛዧን ራሷን አነጋግሬ እውነተኛ ልኳን እንድትናገር አደርጋታለሁ። ስምንት ትሆናለች። ግን ስምንቷን አታጎድልም።»

እኔ ሳቄ መጣ። ትንሽ ሳቅ አይደለም፤ እንባ የሚያመጣው ዓይነት። ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ። ሊዲያ አያቷን ስለምታውቅ ሥራዋን ቀጠለች።

«ይቺማ የጋሽ ይማም ካሴት ናት!» አልኳት።

እንግዲህ ወደ ናዝሬት ልውሰዳችሁ። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ዘመኑ ደርግ ነው፤ በየሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ የእኛ ቸርች ታሽጎ በየሰው ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው። ሆኖም ሰው ወጣት ሲሆን፣ ዘመኑ ምንም ይሁን ምን፣ ጠዋት ሲነሣ የሚያስበው ስለ ፀጉሩ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቴፕና ስለ ካሴት ነበር የማስበው።

ጋሽ ይማም የሚባሉ የወሎ ሰው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሴት ቤት ነበራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጠረጴዛው ስር ዋሽንት ያወጡና ለራሳቸው ያህል ይነፋሉ፤ ደንበኛ ከገባ ቶሎ ይደብቋታል። ደንበኛው ባዶ ካሴት ገዝቶ የሚወደውን ዘፈን እየመረጠ ያስቀዳል፤ የተበላሸ ቴፕም ያመጣል። እኔ ማትሪክ ስላልመጣልኝ እዚያ ገባሁ፤ መጀመሪያ አቧራ ለማራገፍና ካሴት ለመቅዳት። የናዝሬትን ነፋስ የሚያውቅ ሰው አቧራ ማራገፍ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያውቃል።

ጋሽ ይማም ለሰላት ሲወጡ ግን ካቻቢቴውን አነሣና የተበላሸውን ቴፕ እፈታው ጀመር። ማንም አላስተማረኝም። እፈታለሁ፣ እንዴት እንደነበረ እያስታወስኩ እገጥማለሁ፤ ብሎን ከተረፈኝ ደግሞ እንደገና እፈታለሁ። አንድ ቀን ቶሎ ተመልሰው ደረሱብኝ። እኔ ክው አልኩ።

«ይሠራል?» አሉ።

«ይሠራል ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? ያንንም እዪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥገናው ጠረጴዛ የእኔ ሆነ። በዓለም ላይ ከዚያች ጠረጴዛ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ሽቦ የምናያይዝበት የቀለጠ ስታኞ ሽታ፣ ዝም ያለ ቴፕ ድንገት ሲናገር፣ ባለቤቱ ፊቱ ሲበራ... ምን ልበላችሁ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ እግሯ ከመኪናው ፔዳል፣ አፏ ከጸሎት አይለይም። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ቤት ተጎልታ» የምትለውን ስንቴ እንደሰማሁት! አሰላ ያለችው አክስቴ የታይፕ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝታልኝ ነበር። ትምህርቱ የሚጀምረው መስቀል እንዳለፈ ነው። ታይፒስት ማለት ያኔ የቢሮ ሰው፣ የታኮ ጫማ፣ የወር ደመወዝ ማለት ነው። እናቴ ክፉ አልተመኘችልኝም።

«እማዬ፣ ጥገናም እኮ ሙያ ነው» አልኳት።

«ሙያ ከሆነ መስቀል ሳይደርስ አሳዪኝ። ካልሆነ አሰላ ትሄጃለሽ። አለቀ።»

እናቴ አለቀ ካለች ያልቃል።

መከራው ደግሞ ሲመጣ ነሐሴ ውስጥ መጣ፤ በባቡር፣ ከድሬዳዋ፣ በካርቶን ታሽጎ። ጋሽ ይማም ያላቸውን ሁሉ አሟጠው አንድ ትልቅ ካርቶን ባዶ ካሴት ገዙ። እያንዳንዱ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጀርባው ላይ ዘጠና ደቂቃ ተብሎ የተጻፈበት፣ ሽታው ራሱ አዲስ አዲስ የሚል። የመጀመሪያውን አንሥቼ ለአንድ የመርቲ ብርቱካን ነጋዴ ዘፈን መቅዳት ጀመርኩ። ሰውየው ይዞ የመጣውን አሹቅ ቆርጥሞ ሳይጨርስ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሌላ ሞከርኩ፤ ቀጭ። ሌላ፤ ቀጭ።

ካሴቱ ብሎን የለውም፤ በማስቲሽ ነው የተጣበቀው። በምላጭ ሰንጥቄ ከፈትኩት። ውስጡን ሳየው አፌን ያዝኩ። ክሩ የሚጠቀለልባት ትንሿ ጎማ ትንሽ መሆኗ ቀርቶ እንደ ድንች ወፍራም ተደርጋለች። ላይዋ ላይ ስስ ክር ጠምጥመውባታል። በመስኮቱ በኩል ለሚያያት ሰው እስከ ጫፍ የሞላች ትመስላለች። ዘጠና ነኝ ትላለች እንጂ ሁለቱም ገጿ ተደምሮ የሩቡን ያህል የላትም።

ጋሽ ይማም ተቀብለውኝ ወደ ብርሃኑ እያዞሩ አዩዋት።

«ይኼንን ዘጠና ብዬ ለሰው አልሸጥም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሱቁን ዘግቼ ወንድሜ ጋር ጭነት ሥራ እገባለሁ።»

ሱቁ ከተዘጋ ጠረጴዛዬም የለ፣ እኔም አሰላ ነኝ። አፌ ሳላስበው ተናገረ።

«ጋሼ፣ ዘጠና ባንላቸውስ?»

«ምን ልንላቸው ነው?»

«የሆኑትን ነዋ።»

ሁሉንም አንድ በአንድ እያጫወትኩ በሱቁ ሰዓት ለካኋቸው። ጀርባቸው ላይ ያለውን ዘጠና በነጭ ወረቀት ሸፍኜ፣ በእስክሪብቶ እውነተኛ ደቂቃቸውን ጻፍኩ። መደርደሪያው ሞላ። እውነት እላችኋለሁ፣ በናዝሬት ከተማ እንደዚያ እውነተኛ ካሴት ኖሮ አያውቅም። የሚገዛም አልነበረም።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ?» ይላል የሚገባው ሁሉ። «ለጉንዳን ሰርግ ነው?»

አንዱማ፣ «ሲያልቅብኝ መጥቼ የቀረውን አንቺ ትዘፍኚልኛለሽ?» ብሎኝ ሄደ።

ነሐሴ አለቀ። ዝናቡ ቆመ። እናቴ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እኔ ሻንጣውን ላለማየት በጓሮ በር ነበር የምወጣው።

በዚያው ሰሞን ነው ገመቹ የገባው። ከናዝሬት ሞጆ ሎንቺና የሚነዳ የወንጂ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚቆጠር። የመኪናው ቴፕ ካሴት በልቶበት፣ ክሩን እንደ ፓስታ በእጁ ላይ ጠቅልሎ መጣ።

«አካም ጅርታ! ይኼንን ከጅብ አፍ አስጥዪልኝ» አለኝ።

እኔ ክሩን በእርሳስ እየጠቀለልኩ ሳለ እሱ መደርደሪያውን ያነባል።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ! ይኼማ ሞጆ አያደርስም። ወንጂም ለመድረስ መሮጥ አለበት።»

ጋሽ ይማም ሳቁ። እኔ ግን እርሳሱን ይዤ ቀረሁ።

«ሞጆ ለመድረስ ስንት ይፈልጋል?» አልኩት።

«እንደ መንገዱ ነዋ።»

«በሰዓት ነው የጠየቅሁህ።»

«ለክቼው አላውቅም። ብቻ ካሴቱ ከመንገዱ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ዘፈኑ መሐል ላይ እንደርሳለን፤ የሚቀጥሉት ተሳፋሪዎች ደግሞ ከመሐል ይጀምሩታል። ‹ሾፌር፣ መልሰው› ይሉኛል። መሪ ልያዝ ወይስ ካሴት ላጠንጥን?»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። አንዱ ገጽ ናዝሬት ጀምሮ ሞጆ የሚያልቅ፣ ሌላው ገጽ ሞጆ ጀምሮ ናዝሬት የሚያልቅ ካሴት! ሾፌሩ መድረሻው ላይ ይገለብጠዋል፣ አለቀ። ለዘጠና የሚያንሰው ሁሉ ለመንገድ ልክ ሊሆን ይችላል። ያነሰውን እቀጥለዋለሁ፣ የተረፈውን እቆርጠዋለሁ። ለወንጂ የወንጂ፣ ለሶደሬ የሶደሬ። ለጋሽ ይማም ስነግራቸው ቆባቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት፤ ይህ የእሳቸው ከፍተኛ ደስታ ነው።

ግን መጀመሪያ መንገዱ መለካት አለበት። ገመቹ ማለዳ ማለዳ ባዶውን ሞጆ ሄዶ ነበር ነጋዴ የሚያመጣው። ጋሽ ይማም የእጅ ሰዓታቸውን ክንዴ ላይ አሰሩልኝና፣ ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድም ብለው እሳቸውም ተከተሉን። ከኋላ ወንበር እንደ ጠባቂ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ኬላውን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ያ ማለዳ! ዝናቡ ገና መቆሙ ስለሆነ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አደይ ከመንገዱ ዳር ዳር ወጥቷል፤ የጤፉ ማሳ በነፋስ ይተኛል ይነሣል። ገመቹ አንድ ቦታ አቁሞ ሸንኮራ ገዛ። ሌላ ቦታ ለፍየሎች ቆመ፤ ፍየሎቹ ካለፉ በኋላም ቆመ፤ እረኛውን ስለ እናቱ ጤና ጠየቀው። ኬላ ላይ ከወታደሩ ጋር ረጅም ሰላምታ ተለዋወጠ። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ እመዘግባለሁ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትነዳው?» ስለው፣ «መንገድ አይቸኮልበትም» አለኝ። ተጠንቅቄ ሁለት ማለዳ ደግሞ ለካሁት። እንዳውም ትንሽ ረዘመ። አማካዩን ያዝኩ። በሥራዬ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። የአንዱን ካሴት ወፍራም ጎማ ከአሮጌ ካሴት ባወጣኋት ቀጭን ጎማ ተክቼ፣ ከብዙ አጫጭር ካሴቶች የወጣውን ክር እላይዋ ላይ ቀጠልኩት፤ ጫፉን በምላጭ አግድም ቆርጬ፣ በስስ ፕላስተር ይዤ፣ የተረፈውን ጠርዙን እየላጨሁ። ቀጥሎ ዘፈን መረጥኩ። የኦሮምኛ፣ የአማርኛ፣ የጉራግኛ፤ የሞጆ መኪና ውስጥ የማይሳፈር ሕዝብ የለምና ማንም እንዳይቀየም አደረግሁ። ኬላው ላይ የሚደርሰው ረጋ ያለ ዘፈን እንዲሆን አሰላሁ፤ ወታደር ፊት እስክስታ ጥሩ አይደለም። በመጨረሻ ጫፉ ላይ ትንሽ ክር ተረፈኝ። ለዘፈን አጭር ነው፣ ለመተው ያሳዝናል።

«ጋሼ፣ ዋሽንቷን ያውጧት።»

«እኔን? ኧረ ተይ ልጄ!»

በሩን ዘጋሁባቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነፉ። ሲጨርሱ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኜ አቆምኩት።

የመስቀል ዋዜማ ሰሞን ካሴቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ፊት ሊወጣ ሆነ። ሎንቺናው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዶሮ አለ፣ የሽንኩርት ጆንያ አለ፣ የሽሮ ቅል አለ። እኔ ከፊት የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጬ፣ ሻሼን አጥብቄ ቴፑ ላይ አጎንብሻለሁ፤ ከኋላዬ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አላየሁም። ገመቹ ሞተሩን ሲያስነሣ ካሴቱን ገፋሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ኬላው ላይ ደረስን፤ ረጋ ያለው ዘፈን ግን ገና አልመጣም። ጭፈራው ነው ያለው። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ወታደሩ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ኮስተር ብሎ አየን፤ ከዚያ ትከሻው ሳይታዘዝለት አንድ ጊዜ ሰበቅ አለና «እለፉ!» አለን። ዛፎቹ ያልፋሉ፣ ገመቹ ይነዳል፣ እኔ ሰዓቱን አያለሁ፤ ሞጆ እየገባን ነው፣ ካሴቱ ግን ገና አላለቀም። ላብ አጠመቀኝ። በወሩ ሁሉ ልፋቴ መጨረሻ የሠራሁት ካሴት እንደማንኛውም ካሴት መንገዱን የማያውቅ ሆነ!

መናኸሪያው ገባን። ቆምን። ማንም አልተነሣም።

ተራ አስከባሪው መጥቶ በሩን በዱላ መታው። «ሞጆ ነው እኮ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ዘፈኑ ይለቅ» አለ አንዱ።

«ሰርግ ቤት አደረጋችሁት እንዴ? ውረዱ! ኋላ መኪና ቆሟል!»

ይህን ጊዜ ዘፈኑ አለቀና የጋሽ ይማም ዋሽንት ጀመረ። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ መሰለኝ። ተራ አስከባሪው ብቻ ነው ዝም ያላለ።

«ገመቹ፣ አጥፋው ብያለሁ!»

ገመቹ እጁን ወደ ቴፑ ሲዘረጋ ከመጨረሻው ወንበር የሴት ድምፅ መጣ።

«እስኪ ተወው! ቃል የለው፣ ምን የለው፤ ምን አደረገህ? ይጨርስ!»

ያንን ድምፅ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ ናት። ለአንድ ትምህርት ቤት የሰፋችውን ዩኒፎርም በትልቅ ጨርቅ ቋጥራ ታቅፋለች። እኔ ጭራሽ ወደ ወለሉ አጎነበስኩ።

ዋሽንቱ እስኪያልቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ፣ በዚያ መኪና የሚመላለሱ ሽንኩርት አምራች ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ይኼንን ካሴት ማን ሠራው?» አሉ።

«እቺ ልጅ ናት!» አለ ገመቹ በኩራት፤ በጣቱም ጠቆመኝ።

«አስቴር?» አለች እናቴ።

«አቤት፣ እማዬ።»

መኪናው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ኦቦ ቱፋ ምን እንደተፈጠረ አላወቁም፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ በጣም ደስ ይላል። ግን ለምን ከመንገዱ በለጠ?»

ሙያዬ ላይ ሲመጡብኝ ፍርሃቴ ጠፋ። ቀና አልኩ። «አልበለጠም! በሰዓት ነው የለካሁት። ሦስት ጊዜ። ከሱ ጋር!»

«ከገመቹ ጋር?» ሽማግሌው ገመቹን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ሳቃቸው ከሆዳቸው ጀመረ። «ይኼ ልጅ እኛን ሞጆ የሚወረውረን እንደ ድንጋይ ነው! አንቺን ሲወስድ በሬ ጠምዶ ነበር እንዴ?»

«ኧረ እንቁላል ነው የጫነው!» አለች ዶሮ የያዘችው ሴት።

መኪናው በሳቅ ተናጋ። ተራ አስከባሪው ራሱ ዱላውን ተደግፎ ሳቀ። ገመቹ፣ «ጠዋት ጠዋት... ፍየል ይበዛል» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ ግን ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽም። የተሳሳትኩት እኔ አልነበርኩም።

እናቴ አልሳቀችም። ቋጠሮዋን ይዛ እስከ ፊት መጣችና ገመቹን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የወንጂ ልጅ ነኝ፣ እማማ። አባቴ ፋብሪካው ነው የሚሠራው።»

«ዛሬ ጥሩ ነድተሃል» አለችው። «አስቴር፣ ተከተዪኝ።»

ሞጆን ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ አቋረጥን። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በነፋስ ይመጣል፤ እኔ ሻንጣዬ፣ አሰላ፣ የታይፕ ጩኸት ይታየኛል። ዩኒፎርሙን አስረከበች። ስንመለስ አንዲት ሴት ከምትጠብሰው ፓስቲ ሁለት ገዛችና አንዱን ሰጠችኝ። ትኩስ ነበር፤ ጣታችን እየተቃጠለ ከአንድ ዛፍ ጥላ ስር ቆምን።

«ያ ዋሽንት የማነው?»

«የጋሽ ይማም።»

«ሰውየው እንዲህ አድርገው ይነፋሉ እንዴ!» ፓስቲዋን ገመጠች። «ክሩን እየቀጠልሽ ነው የምትሠሪው ብለሽኝ አልነበር? ስንት ቦታ ነው የቀጠልሽው?»

ነገርኳት።

«እኔ እኮ ከናዝሬት ጀምሮ ጆሮዬን ጥዬ ነበር» አለች። «ዘፈኑን ልሰማ ሳይሆን ሰው ሁሉ ሲሰማ ምን ላድርግ። አንድም ቦታ የተቀጠለ ነገር አልሰማሁም።» የልብስ ሰፊ እጇን ዘርግታ ከአገጬ ላይ ዘይት ጠረገችልኝ። «ስፌቱ አይታይም።»

እናቴ በሕይወቷ ያመሰገነቻቸው ስፌቶች ጥቂት ናቸው። እዚያው ዛፍ ስር አለቀስኩ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ለአሰላዋ አክስትሽ እኔ እነግራታለሁ። ብቻ ከእንግዲህ መንገድ ስትለኪ እኔ አለሁበት።»

አለችም። የሶደሬን መንገድ ስንለካ፣ የመልካሳን፣ የወለንጭቲን፣ እስከ መቂ ድረስ ያለውን ስንለካ፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በእኔና በገመቹ መሐል ተቀመጠች። ሶደሬ ደርሰን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሙቅ ውሃው ውስጥ አስገባችና፣ «ተመስገን፣ ይኼም ሥራ ነው» ብላ አሳቀችን። ገመቹ እሷ ባለችበት ፍየል ሲያይ ጡሩምባ ነፍቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ የሠራኋቸው ካሴቶች ሁሉ ለመንገዳቸው ልክ ሆኑ።

ያ ካርቶን አለቀ። ሾፌሮች «ሁለት ወንጂ፣ አንድ ሶደሬ» እያሉ ይገዙ ነበር፤ የሻሸመኔ ሾፌሮች ሳይቀሩ መንገዳቸውን ለክተው መጡ። የመጀመሪያውን የሞጆ ካሴት ላሳጥረው ብል ግን ሰው እምቢ አለኝ። ገመቹ መናኸሪያው ሲገባ ተራ አስከባሪው ራሱ በሩ ላይ ተደግፎ ዋሽንቱ እስኪያልቅ ይጠብቅ ጀመር። እኔም ዓይኔ መነጽር እስኪለምን ድረስ ከጥገና ጠረጴዛ አልተለየሁም። ገመቹን ከሁለት ዓመት በኋላ አገባሁት። ዛሬም መኪና ውስጥ ከጎኑ ስቀመጥ ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ይነፋበታል።

ይኼንን ሁሉ ለሊዲያና ለሴትዮዋ እያወራሁላቸው የፍላሿ ጥገና አለቀ። አሁን ስትሰካ ስምንት ነኝ ትላለች። ሴትዮዋ ያንን በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ቁጥር በጥፍሯ እየፋቀች፣ «ለመዝሙር ትሆነኛለች» ብላ ሄደች። እኔ ሰውም ሆነ ዕቃ ልኩን ሲናገር እወዳለሁ። ግን ዕድሜ ያስተማረኝ ሌላም ነገር አለ፤ ልክ ያልሆነ ነገር ሁሉ ለማታለል የተሠራ አይደለም። አንዳንዱ መንገድ የሚረዝመው የሚነዳው ሰው መድረስ ስለማይፈልግ ነው።

ሴትዮዋ ስትወጣ የጫማ ቤቱ ልጅ ገባ። ኢዩኤል ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው። እሱም ፍላሽ ይዟል።

«አልሠራ አለኝ፣ ሊዲያ።»

ሰካችው። ፕሮግራሙን ከፍታ ሞላችው፣ መልሳ አነበበችው፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ የሚያየው ኮምፒውተሩን አልነበረም።

«ኢዩኤል፣ ይቺ እኮ ምንም አልሆነችም። ባለፈውም አይቼልሃለሁ። ልኳን ነው የምትናገረው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ። «እስኪ እንደገና ለኪያት። እኔ አልቸኩልም።»

ሊዲያ ቅንድቧን ቋጥራ እውነትም እንደገና መለካት ጀመረች። ምስኪን፣ አልገባትም። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ነፋስ ልቀበል ብዬ ወጣሁ፤ ጁስ ቤቱ ደጅ ተቀምጬ አንድ ትልቅ ብርጭቆ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ትንሽ ይቆያል አለችኝ።

«ይቆይ የኔ ልጅ» አልኳት። «እንዳውም ቀስ በዪ።»